ሴኔጋልን ለሁለት የቆረጣት ድንበር፦ ጋምቢያና የካዛማንስ መንገድ

የምዕራብ አፍሪካን ካርታ ያየ ሰው አይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሴኔጋል ውስጥ ገብታ የተጋደመችው ቀጭን አገር ላይ ነው። ጋምቢያ ናት። ደሴቶቹን ትተን በአህጉሩ ዋና ምድር ላይ ካሉት አገሮች ትንሿ እሷ ስትሆን ስፋቷ 11,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአትላንቲክ ተነስታ የጋምቢያን ወንዝ ተከትላ ወደ ምስራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትዘልቃለች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ግን ሰፋ በምትልበት ቦታ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር ብትሞላ ነው። በሦስት በኩል ሴኔጋል ከባታለች፣ አራተኛው ባህር ነው። ሁሌ የሚወራው ስለ ጋምቢያ መከበብ ነው፣ እኔ ግን ነገሩን ከሌላው ወገን ማየት ነው የፈለኩት። የጋምቢያ ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ በዛች አጭር ጠረፍ ምክንያት ግን የሴኔጋል የባህር ዳርቻ ለሁለት ተቆርጧል፣ በሰሜን ዋና ከተማዋ ዳካርና ሌላው አብዛኛው አገር፣ በደቡብ ደግሞ ካዛማንስ የሚባለው ክልል። ዋጋውን ሲከፍሉ የኖሩትም በዋናነት የካዛማንስ ሰዎች ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከወንዙ ነው። የጋምቢያ ወንዝ አፉ ሰፊና ጥልቅ ስለሆነ የባህር መርከብ ራሱ ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ሊገባበት ይችላል፣ እንዲህ አይነት ወንዝ በዛ ዳርቻ ብዙ የለም። ስለዚህ አውሮፓውያን ለወርቅ፣ ለሙጫና ከሁሉም በላይ ደሞ ለባሪያ ንግድ ሲሉ ተሻሙበት። ወንዙ መሀል ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ በ1651 ምሽግ የሰሩት ከባልቲክ አካባቢ የመጡ የኩርላንድ መስፍን ሰዎች ነበሩ፣ በ1661 እንግሊዞች ወሰዱባቸውና ጄምስ ደሴት አሏት፣ ዛሬ ኩንታ ኪንቴ ደሴት ተብላ በዩኔስኮ የተመዘገበች ቅርስ ናት። ፈረንሳዮች ደሞ ከሷ ፊት ለፊት አልብሬዳ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፍተው ተቀመጡ። ሁለቱ ለመቶ ምናምን አመት በዚች ጠባብ ቦታ ሲጠባበቁ ኖሩ ማለት ነው። በ1783 የቬርሳይ ውል ወንዙ ለእንግሊዝ ተሰጠ፣ አልብሬዳ ለፈረንሳይ ቀረች፣ እሷንም በ1857 ለቀቁ። በ1816 እንግሊዞች በወንዙ አፍ ላይ ባትረስት የሚባል ከተማ ቆረቆሩ፣ ያኔ አላማው ራሳቸው በ1807 የከለከሉትን የባሪያ ንግድ መቆጣጠር ነበር፣ የዛሬው ባንጁል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ይሄ ድንበር ጭራሽ ላይኖር ይችል ነበር። ከ1866 እስከ 1876 ባለው ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጋምቢያን በሌላ ቦታ ለመለዋወጥ ደጋግመው ተደራድረው ነበር፣ ፈረንሳይ ወንዙን ትወስዳለች፣ እንግሊዝ በምትኩ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ያሉ የፈረንሳይ ጣቢያዎችን ታገኛለች የሚል። ከሸፈ። የባትረስት ነጋዴዎችና ነዋሪዎች አቤቱታ እየጻፉ ተቃወሙ፣ ለንደን ውስጥም ደጋፊ አገኙ። ከዛ ዘመኑ የቅርምት ዘመን ሆነና ማንም የያዘውን የሚለቅበት ጊዜ አለፈ።

ድንበሩ የተቆረጠው ኦገስት 10 ቀን 1889 ፓሪስ ላይ ነው። ስምምነቱ ከጠረፉ አካባቢ በቀጥታ መስመር ይጀምርና ወደ ውስጥ ሲገባ ከወንዙ በሰሜንም በደቡብም 10 ኪሎ ሜትር ተለክቶ ወንዙ በተጠማዘዘ ቁጥር ድንበሩም እንዲጠማዘዝ ያዛል። ካርታ ላይ የሚታየው ያ የትል ቅርጽ የመጣው ከዚህ ነው። እንግሊዞች ከመርከብ መድፍ እየተኮሱ ጥይቱ የደረሰበት ድረስ ወሰዱ የሚል ታሪክ በሰፊው ይወራል፣ ውሉ ላይ ግን ያለው ኪሎ ሜትር ነው እንጂ መድፍ አይደለም። ድንበሩን ምድር ላይ ለማካለል ኮሚሽን ሲወጣ ደሞ የአካባቢው ሰው ዝም ብሎ አላየም። በወንዙ ደቡብ ገናና የነበረው ፎዴ ካባ መስመሩን አልቀበልም ብሎ ለአመታት ሲዋጋ ቆይቶ በ1901 ፈረንሳዮች ገደሉት። ይሄን የምለው "ሰዉ ሳያውቅ ተቆረጠ" የሚባለው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው፣ አውቆ ተቃውሟል፣ አቅም አጣ እንጂ።

በርቀት ተለክቶ የሚሰመር ድንበር ለእኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በ1908 አፄ ምኒልክና ጣልያን የተፈራረሙት ውል በአፋር በኩል ያለው ድንበር ከባህሩ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከጠረፉ ጋር ትይዩ ይሂድ ነው የሚለው። አንዱ ወንዝ ይዞ ለካ፣ ሌላው ባህር ይዞ ለካ፣ በሁለቱም ውስጥ መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው የት ከብት እንደሚያሰማራ የጠየቀ የለም።

ካዛማንስ ራሷ ወደ ሴኔጋል የመጣችበት መንገድም የተለየ ነው። ዋና ከተማዋ ዚጊንሾር በ1645 በፖርቱጋሎች የተመሰረተች ናት፣ ለረጅም ዘመንም ከዛሬዋ ጊኒ ቢሳው ጋር በንግድ የተሳሰረች ነበረች፣ ወደ ፈረንሳይ የዞረችው በ1886 በተደረገ የፈረንሳይና የፖርቱጋል ስምምነት ነው። አገሩ ከሰሜኑ ጋር አይመሳሰልም። ሰሜኑ ደረቅ ነው፣ ኦቾሎኒ ነው የሚበቅልበት፣ ወሎፍኛ ነው የሚነገርበት። ካዛማንስ ግን ዝናብ አለው፣ ደን አለው፣ ማንግሮቭ አለው፣ የጆላ ብሔረሰብ ገበሬዎች የባህር ውሃ በግድብ እየከለከሉ ሩዝ ሲያመርቱ የኖሩበት አገር ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአባቶቹን እምነት የያዘውም አንድ መንደር ውስጥ ይኖራል። እዛ ላይ ማንዲንካው፣ ፉላው፣ ባላንታው ሌላውም አለ። ዳካር የሚሄድ የካዛማንስ ሰው ታዲያ "ሴኔጋል ልሄድ ነው" ይላል እየተባለ ይጠቀሳል፣ አገሩ ውስጥ ሆኖ።

አሁን መንገዱን አስቡት። ከዚጊንሾር ዳካር ለመሄድ አቋራጩ በጋምቢያ ማለፍ ነው፣ ያ ማለት ከሴኔጋል መውጣት፣ ጋምቢያ መግባት፣ ወንዙን በፌሪ መሻገር፣ ከጋምቢያ መውጣት፣ እንደገና ሴኔጋል መግባት። በአንድ ጉዞ አራት ኬላ። ፌሪው ፋራፌኒ አጠገብ ነበር፣ ሲበላሽ ወይ ሰልፉ ሲበዛ የጭነት መኪና ቀናት ይቆም ነበር፣ ማንጎ የጫነ ነጋዴ እቃው እዛው ፀሐይ ላይ ሲበሰብስበት ማየት ነው። ጋምቢያን ሳይነኩ መሄድ የሚፈልግ ደሞ በምስራቅ በታምባኩንዳ ዞሮ ነው የሚደርሰው፣ መንገዱ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ሁለቱ መንግስታት ሲኳረፉ ደሞ አቋራጩም ይዘጋል፣ ለምሳሌ በ2016 ጋምቢያ የጭነት መኪና ማሳለፊያ ክፍያ እጅግ ስታንር የሴኔጋል ሹፌሮች ድንበሩን ዘግተው ለወራት ቆሟል። አውሮፕላን አለ፣ ግን የገበሬና የተማሪ ኪስ አይችለውም። የቀረው ባህር ነው።

እና ወደ ጆላ መርከብ እንመጣለን። በጆላ ህዝብ ስም የተሰየመች፣ በሰራዊቱ የምትመራ፣ ዚጊንሾርንና ዳካርን የምታገናኝ የመንግስት ፌሪ ነበረች። ኋላ በምመጣበት የካዛማንስ ጦርነት ምክንያት መኪና መንገዱ ላይ ፈንጂና ዘረፋ ስለነበረ ሰዉ እሷን ነው የሚመርጠው፣ ዘይትና ፍራፍሬ ጭነው ዳካር የሚሸጡ ሴቶች፣ ትምህርት ሊጀምሩ የሚመለሱ ተማሪዎች፣ ቤተሰብ። ለአንድ አመት ገደማ በጥገና ቆማ ስለነበር ስትመለስ የሚጠብቃት ሰው ብዙ ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ከዚጊንሾር ስትነሳ አቅሟ 550 ሰው ገደማ ነበር፣ የተሳፈረው ግን ከ1,900 በላይ ነው። ማታ 5 ሰአት አካባቢ ከጋምቢያ ጠረፍ ውጭ ባህር ላይ ማዕበል መታትና በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። መጀመሪያ የደረሱት አካባቢው ላይ የነበሩ አሳ አጥማጆች ናቸው፣ የመንግስት እርዳታ የመጣው በማግስቱ ነው፣ በመሀል ከመርከቡ ውስጥ የሰው ድምጽ ይሰማ ነበር። በመንግስት ቁጥር 1,863 ሰው ሞተ፣ የተረፉት 64 ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ሴት አንድ ብቻ። ከታይታኒክ የበለጠ ሰው ማለት ነው፣ ታይታኒክን የማያውቅ የለም፣ ጆላን ግን ከአፍሪካ ውጭ ቀርቶ እኛው አህጉር ላይ ስንቱ ነው የሚያውቃት?

ጥፋቱ የድንበሩ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። መርከቧን ከአቅሟ በላይ የጫኑት ሰዎች ናቸው፣ ጥገናዋን ችላ ያሉት፣ ለማዳን የዘገዩት ሰዎች ናቸው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯም በዛው አመት ከስልጣን ተነስተዋል። ግን ያ ሁሉ ህዝብ በአንዲት መርከብ ላይ የተጠቀጠቀው ለምንድነው ብላችሁ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ፓሪስ ላይ የተፈረመው 10 ኪሎ ሜትር ጋር ትደርሳላችሁ። ቤተሰቦች ዛሬም የመርከቧ አካል ከባህር ይውጣልን እያሉ ይጠይቃሉ።

ከዛ በኋላ በ2008 አሊን ሲቶዌ ዲያታ የምትባል መርከብ ገባች፣ ስሟ የፈረንሳይን የሩዝ ግብር አንከፍልም ብላ ህዝቡን ካስተባበረች በኋላ ታስራ በግዞት በ1944 ቲምቡክቱ ላይ ከሞተች የካዛማንስ ሴት የመጣ ነው። ሌሎች ሁለት መርከቦች ደሞ አግነና ጃምቦኝ ተባሉ፣ የአፈ ታሪክ እህትማማቾች ናቸው፣ ታንኳቸው ባህር ላይ ለሁለት ተሰብሮ አንዷ ወደ ደቡብ ሄዳ የጆላ እናት፣ ሌላዋ ወደ ሰሜን ሄዳ የሴሬር ብሔረሰብ እናት ሆኑ ይባላል።

ከዋናው አገር መራቅ ፖለቲካም ወልዷል። ዲሴምበር 1982 ዚጊንሾር ላይ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ወጣ፣ መንግስት አሰረ፣ ከዛ ጫካ ተገባ። ንቅናቄው በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ኤምኤፍዲሲ ይባላል፣ ለረጅም ጊዜ የመሩት የካቶሊክ ቄስ ኦጉስታን ዲያማኩን ሴንጎር ነበሩ፣ በ2004 የሰላም ስምምነት ፈርመው በ2007 አረፉ። ጦርነቱ ትልቅ ግንባር ያለው አልነበረም፣ ፈንጂ፣ ደፈጣ፣ የተፈናቀለ መንደር ነበር፣ ረጅምነቱ ነው የሚከብደው። ጋምቢያም ዳር ቆማ አላየችም። ያህያ ጃሜ ራሳቸው ከድንበሩ አጠገብ ካለች መንደር የወጡ ጆላ ስለሆኑ ከ1994 እስከ 2017 በገዙበት ጊዜ ታጣቂዎቹን ይደግፋሉ እየተባሉ ከዳካር ጋር ሲወዛገቡ ኖረዋል። በ2016 መጨረሻ በምርጫ ተሸንፈው አልወርድም ሲሉ አሸናፊው አዳማ ባሮው በጃንዋሪ 2017 ቃለ መሃላ የፈጸሙት ዳካር ባለው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ነበር፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማህበር የኢኮዋስ ጦር የገባውም ሴኔጋል መርታው ነው።

መስመሩን ለማጥፋት ተሞክሮ ያውቃል። በ1981 የጋምቢያ ፕሬዝዳንት ዳውዳ ጃዋራ ለንደን ልዑል ቻርልስ ሰርግ ላይ እያሉ መፈንቅለ መንግስት ተሞከረባቸው፣ የሴኔጋል ጦር ገብቶ አከሸፈ፣ ወዲያው በ1982 የሴኔጋምቢያ ኮንፌዴሬሽን ተመሰረተ፣ የሴኔጋሉ አብዱ ዲዩፍ ፕሬዝዳንት፣ ጃዋራ ምክትል። በ1989 ፈረሰ። ዋናው ምክንያት ስሜት ሳይሆን ጉምሩክ ነበር ባይ ነኝ። ጋምቢያ ዝቅተኛ ቀረጥ አድርጋ እቃ ታስገባና ወደ ጎረቤት አገር በማሳለፍ ትኖራለች፣ ሴኔጋል ደሞ ፋብሪካዎቿን በከፍተኛ ቀረጥ ትጠብቃለች፣ አንዱ የሚኖርበትን ሌላው ኮንትሮባንድ ይለዋል። ድንበር አንዴ ከተሰመረ በሱ የሚበላ ሰው ይበዛል፣ በ1964 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ የቅኝ ግዛት ድንበር ይከበር ብሎ ሲወስን ደግሞ የህግ ከለላም አገኘ። ባህሩም ተካፍሏል፣ በ1975 ሁለቱ አገሮች የኬክሮስ መስመር ተከትለው የባህር ወሰናቸውን ተፈራርመዋል።

ሌላም ቦታ አለ እንዲህ ያለ። ክሮኤሺያ ውስጥ ኔዩም የምትባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን የቦስኒያ ጠረፍ ዱብሮቭኒክን ከቀሪው አገር ትቆርጣታለች፣ መነሻው በ1699 የዱብሮቭኒክ ሪፐብሊክ ከቬኒስ ለመራቅ ብላ መሬቱን ለኦቶማን መልቀቋ ነው። እነሱ በ2022 በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ ባህሩ ላይ የፔልዬሻትስን ድልድይ ሰርተው ዞሩት። ሴኔጋል እንዲህ ማድረግ አትችልም፣ ጋምቢያን በባህር የሚዞር ድልድይ የለም፣ መሀሏን ማለፍ ግድ ነው።

የሆነውም እሱ ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 የያኔው የሴኔጋል ፕሬዝዳንት ማኪ ሳልና ባሮው ሆነው የሴኔጋምቢያን ድልድይ ከፈቱ፣ ገንዘቡ በዋናነት ከአፍሪካ ልማት ባንክ የመጣ ነው፣ ሀሳቡ ግን ለአስርት አመታት ሲንከባለል የኖረ ነው። ከባድ መኪና እንዲያልፍ የተፈቀደው ከወራት በኋላ ነበር፣ አሁን ግን በፌሪ ሰአታት ወይ ቀናት ይወስድ የነበረው መሻገር በደቂቃዎች ያልቃል። ድልድዩ የጋምቢያ ነው፣ ማለፊያ ይከፈልበታል፣ ኬላዎቹም አሉ፣ በዳላሲ የሚሰራው የጋምቢያ ጉምሩክና በሴፋ ፍራንክ የሚሰራው የሴኔጋል ጉምሩክ አሁንም ለየብቻ ነው የሚፈትሹት፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ሌላው በፈረንሳይኛ ይጽፋል፣ ሲያወሩ ግን ወሎፍኛ ወይ ማንዲንካ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ደሞ የሴኔጋል መንግስት ከአንዱ የኤምኤፍዲሲ ክንፍ ጋር ቢሳው ላይ ስምምነት ፈርሟል፣ ያኔ የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ኡስማን ሶንኮ ከዛ በፊት የዚጊንሾር ከንቲባ ነበሩ። ተፈናቃዮች ወደ ድንበር መንደሮቻቸው እየተመለሱ ነው፣ ቀስ እያሉ፣ ፈንጂው በተነሳበት ልክ።