ስለ መጠጥ ማቆሚያ የድጋፍ ቡድኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ወደ መጠጥ ማቆሚያ የድጋፍ ቡድን ለመሄድ ያሰበ ብዙ ሰው ከመንገድ ይመለሳል። የሚመልሰው የሰማው ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ አይቶ ከማያውቅ ሰው የመጣ ነው።

«ቡድን የሚገባው ሁሉ ነገር የጠፋበት ሰው ነው»

እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው የመጠጥ ማቆሚያ የድጋፍ ማኅበር ከአባል የሚጠይቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎትን ብቻ ነው። የሐኪም ወረቀትም የአባልነት ክፍያም የለም። ለአዳራሽ ኪራይና ለሻይ የሚሆን መዋጮ ይዞራል፤ ያልሰጠን ማንም አይታዘበውም። ሥራውና ትዳሩ ያልተነካ ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም። አባል ሳይሆኑ ማየት ለሚፈልጉ ደግሞ «ክፍት» የሚባሉ ስብሰባዎች አሉ፤ «ዝግ» የተባሉት ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ናቸው።

«መጀመሪያ መጠጡን ላቁምና ከዚያ እሄዳለሁ»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ቡድኑ የተቋቋመው ብቻውን ማቆም ላቃተው ሰው ነው። ጠጥተው ቢመጡ እንኳ እስካልረበሹ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብለው መስማት ይችላሉ፤ እንዳይናገሩ ግን ሊጠየቁ ይችላሉ።

አደገኛ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ በአንዴ ሲያቆም፣ በአልኮል ተጭኖ የኖረው አንጎሉ ጫናው በድንገት ሲነሳለት ከልክ በላይ ይነቃል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሁኔታ ሊከተል ይችላል፤ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ቀንና ቦታ ያምታታል፣ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥና ሲጠጡ የሚረጋ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ራስዎን ስተው ከነበረ፣ ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለጥቂት ቀናት የሚሰጥ የማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 አለ። ስብሰባ የሐኪምን ቦታ አይተካም፤ ጎን ለጎን መሄድ ግን ይቻላል።

«ተነሥተህ ታሪክህን ተናዘዝ ይሉሃል»

አይሉም። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። ሰብሳቢው ይከፍታል፣ አጭር ጽሑፍ ይነበባል፣ አንድ ሰው ልምዱን ይናገራል፣ ከዚያ የፈለገ በየተራው ያወራል። የመጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃል። ተራው ሲደርስዎ «ዛሬ ልስማ» ቢሉ ምክንያት የሚጠይቅዎ የለም። በብዙ ቡድኖች አንዱ ለተናገረው ሌላው መልስም ምክርም አይሰጥም። ለእንግዳ ይህ ዝምታ ግዴለሽነት ሊመስለው ይችላል፤ ሰው ሳይቋረጥና ሳይፈረድበት እንዲናገር የተደረገ ነው።

10 ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ፣ ሲያልቅም 10 ደቂቃ ይቆዩ። ስልክ ቁጥር የሚለዋወጡትና የትኛው ስብሰባ ለጀማሪ እንደሚሻል የሚነገረው ያኔ ነው። እንዳለቀ ሹልክ የሚል ሰው ዋናውን ነገር ጥሎ ይሄዳል።

«ሃይማኖት ነው»

የአልኮሊክስ አኖኒመስ አባላት ለማገገም በሚከተሏቸው 12 እርምጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር ተጠቅሷል፤ መደበቅ አያስፈልግም። ትርጉሙ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የተተወ ነው፣ የማያምኑ አባላትም አሉ። አሁንም ካልተመቸዎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ የድጋፍ ቡድን መንፈሳዊ ይዘት የለውም። የመጠጥ አምሮት ሲመጣ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ወደ መጠጥ የሚመልስ ሐሳብ እንዴት እንደሚመረመር ያለማምዳል።

«እዚያ የተነገረ ሁሉ ምስጢር ነው»

ልማዱ እንደዚያ ነው፣ አብዛኛው ሰውም ያከብረዋል። ነገር ግን አባላቱ እንደ ሐኪም በሙያ ሥነ ምግባር የታሰሩ አይደሉም። በሕግ የሚያስጠይቅ ወይም የሌላን ሰው ገመና የሚያወጣ ነገር ካለዎ ለአማካሪ ወይም ለጠበቃ ያቆዩት።

«መድኃኒት የሚወስድ ገና አላቆመም»

ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት አምሮትን ለመቀነስና ሳይጠጡ ለመቆየት በሐኪም የሚታዘዙ ናቸው። ሰው ከመጠጥ እንዲርቅ የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት፣ ዳይሰልፊራም፣ ላይ መጠጥ ከተጨመረ ፊት ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል። አንድ አባል «ተወው» ስላለ መድኃኒት አያቁሙ፤ እዚያ ያለው ሰው ሐኪም አይደለም።

«አንዴ ሄጄ አልጠቀመኝም»

ቡድን ከቡድን ይለያያል። 5 ወይም 6 የተለያዩ ስብሰባዎች ሳያዩ አይወስኑ፤ የሴቶች፣ የጀማሪዎችና የኢንተርኔት ስብሰባዎችም አሉ። ዝርዝሩን ከድርጅቱ ድረ ገጽ ይውሰዱ፣ ሰዓቱን ግን ደውለው ያረጋግጡ፤ አሮጌ ዝርዝር ይዞ የተዘጋ በር ማንኳኳት የብዙ ሰው የመጀመሪያም የመጨረሻም ሙከራ ይሆናል። ስፖንሰር፣ ማለትም እርምጃዎቹን አብሮ የሚያሳልፍ ነባር አባል፣ ሲመርጡ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ፆታ ይመከራል። ስፖንሰር አበዳሪም ሐኪምም አይደለም። ለአዲስ ሰው የፍቅር ጥያቄ የሚያቀርብ ነባር አባል ካለ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።

«ያገረሸበት ይባረራል»

አይባረርም። ቀኑን ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

«ቤተሰብ ጎትቶ ካስገባው ይድናል»

ቤተሰብ ስብሰባውን ፈልጎ ሰዓቱን ሊነግር፣ እስከ በሩም ሊሸኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የራሱ ቦታ አለው፦ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አላኖን ለጠጪ ቤተሰቦችና ወዳጆች ይሰበሰባል፤ አላቲን ደግሞ ለታዳጊ ልጆች ነው። ጠጪው ራሱ አልሄድም ቢልም እነሱ መሄድ ይችላሉ።