ካሮቲኖይድ ምንድን ነው?

ካሮትን ብርቱካናማ፣ ቲማቲምንና በርበሬን ቀይ፣ በቆሎን ቢጫ የሚያደርጉ ቀለሞች የጋራ ስም ነው። ጎመን ውስጥም ሞልቷል፤ የክሎሮፊል አረንጓዴ ስለሚሸፍነው ነው የማይታየን። ቅጠሉ አርጅቶ ክሎሮፊሉ ሲፈርስ ቢጫው ብቅ ይላል።

ተክሉ ካሮቲኖይድን የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ፣ ፕላስቲድ በሚባሉት ክፍሎች ነው። መነሻዎቹ አምስት አምስት ካርቦን ያላቸው ሞለኪውሎች ናቸው። አራቱ ተያይዘው ባለ 20 ካርቦን ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ሁለት ሰንሰለቶች ሲጋጠሙ ደግሞ ባለ 40 ካርቦኑ ፋይቶኢን ይወጣል። ፋይቶኢን ገና ቀለም የለውም። ኢንዛይሞች ሃይድሮጂን በነጠቁት ቁጥር አንዱን እየዘለሉ የሚደረደሩት ድርብ ትስስሮች ይበዛሉ፤ 11 ሲሞሉ ቀዩ ላይኮፒን ተገኘ። የላይኮፒን ሁለት ጫፎች ሲጠቀለሉ ብርቱካናማው ቤታ ካሮቲን ይሆናል።

ቲማቲም በአብዛኛው ላይኮፒን ላይ ስለሚያቆም ይቀላል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሰነብት ግን ላይኮፒን መሠራቱ ይታፈናል፣ ቤታ ካሮቲኑ ይቀጥላል፤ ፍሬው ብርቱካናማ እንደሆነ ይቀራል። ቆላ ላይ ቅጠሉን አብዝቶ መግረዝ ፍሬውን ለፀሐይ ስለሚያጋልጠው ችግሩን ያባብሳል።

ለቅጠል ካሮቲኖይድ ጌጥ አይደለም። ክሎሮፊል ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲያርፍበት ትርፉን ተቀብሎ በሙቀት መልክ ያስወጣል። የካሮቲኖይድን አሠራር ፋይቶኢን ላይ የሚያስቆሙ ፀረ አረም መድኃኒቶች አሉ፤ የተረጨው አረም አዲስ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከለላ ያጣ ክሎሮፊል በብርሃን ይወድማልና።

እነዚያው ድርብ ትስስሮች የቀለሙ ደካማ ጎንም ናቸው፤ ኦክስጅንና ብርሃን ያፈርሷቸዋል። የበርበሬ ዱቄት በመስታወት ዕቃ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ዛላው ሳይፈጭ ቢቆይ ይሻላል፤ የተፈጨውም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ በደንብ ተከድኖ።

ተክሉ ካሮቲኖይዱን ራሱ ቆርጦም ሆርሞን ይሠራበታል። አንዱ ቁራጭ ድርቅ ሲመጣ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያስዘጋል። ሌላው፣ ስትሪጎላክቶን፣ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ከሥር ወጥቶ አጋዥ ፈንገሶችን ይጠራል። ጉዳቱ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረምም ጥሪውን መስማቱ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው ዘሩ በዚህ ምልክት ነቅቶ የማሽላው ሥር ላይ ይጣበቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋም የማሽላ ሥራቸው ሲሆን፣ ከመቋቋሚያ መንገዶቹ አንዱ ሥሩ ይህን መቀስቀሻ በጣም ጥቂት ብቻ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ያልነቃ ዘር አይጣበቅም።