ሚንያን ምንድን ነው? አሥረኛው ሰው እስኪመጣ

ልጅ ሆኜ አንድ እሑድ፣ መንዝ ውስጥ አያቴ በምትሳለምበት ደብር፣ ቅዳሴ ሳይገባ ረፈደ። ብርዱ አይጣል ነው። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቅጥሩን ሞልቶታል። ቄሱ በርኖሳቸውን እንደደረቡ ወደ ገደሉ ማዶ አሻግረው ያያሉ። «እምዬ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አልኳት። «ልዑክ አልሞላም፤ አንድ ዲያቆን ጎደለ» አለችኝ። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከአምስት ካነሰ ቅዳሴ የለም። በመጨረሻ ዲያቆኑ ከማዶ ደብር እየሮጠ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል። ማንም አልተቆጣውም።

ያ ጠዋት ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ውጭ አገር ለትምህርት ሄጄ ምኩራብ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እዚያም ሰው ይጠበቅ ነበር። ረቢው ግን መጥተዋል፤ መጽሐፋቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። የሚጠበቀው አንድ ተራ ምእመን ነው። አሥረኛው ሰው።

ሚንያን ይኼ ነው። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው፤ «ቁጥር» እንደማለት። በአይሁድ ሥርዓት የማኅበር ጸሎት ሙሉ የሚሆነው አሥር ሰው ሲገኝ ነው። ከአሥር ካነሱ እያንዳንዱ ለራሱ መጸለይ ይችላል። ግን ኦሪት ከጥቅልሉ በሥርዓቱ አይነበብም። «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚለው የኅብረት ምስጋና አይባልም። ካዲሽ የሚባለው ጸሎትም አይደረስም። በእኛ ዘንድ የሚቆጠረው አገልጋዩ ነው። በእነሱ ዘንድ የሚቆጠረው ሕዝቡ ነው። ረቢ ባይኖርም አሥር ሰው ካለ ጸሎቱ ይደረሳል። አሥር ረቢ ቢሰበሰብም የሚቆጠሩት እንደ ማንኛውም አሥር ሰው ነው።

ለምን አሥር? ኦሪትን የሚያውቅ አንባቢ መጀመሪያ የሚያስታውሰው አብርሃም ስለ ሰዶም ሲለምን ነው። ከሃምሳ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ አሥር ላይ ቆመ። የአይሁድ መምህራን ግን ዋናውን ማስረጃ ከዘኍልቍ ያመጣሉ። ሙሴ ከነዓንን እንዲሰልሉ አሥራ ሁለት ሰዎች ላከ። ኢያሱና ካሌብ መልካም ወሬ ይዘው መጡ፤ የቀሩት አሥሩ ሕዝቡን አስፈራሩ። እግዚአብሔር እነዚያን አሥሩን «ማኅበር» ብሎ ጠራቸው። እንግዲህ አሥር ሰው ማኅበር ነው አሉ። በጣም የምወደው ነገር ነው፤ የማኅበር ልኩ የተገኘው ከደጋጎቹ አይደለም፣ ከፈሪዎቹ ነው። ለመቆጠር ጻድቅ መሆን አያስፈልግም።

ማን ይቆጠራል? ኦርቶዶክስ በሚባሉት አይሁድ (ከእኛ ኦርቶዶክስ ጋር ስሙ ብቻ ነው የተገጣጠመው) 13 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ብቻ ይቆጠራሉ። ሪፎርምና ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉ ሌሎች የአይሁድ ወገኖች አሉ፤ በሪፎርም ምኩራቦችና በአብዛኞቹ ኮንሰርቫቲቭ ምኩራቦች ሴቶችም እኩል ይቆጠራሉ። ስለዚህ ወደ አንድ ምኩራብ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቅ። የአቀማመጡ ነገርም የሚለየው በዚሁ ነው። በአንዱ ሴቱ ከወንዱ በመጋረጃ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በሌላው ቤተሰብ አብሮ ይቀመጣል።

ምኩራብ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ስሙ ምኩራብ ነው። በዕብራይስጥ ግን ቤት ክኔሴት ይሉታል፤ የመሰብሰቢያ ቤት ማለት ነው። የኛዎቹ ቤተ እስራኤል ደግሞ በድሮ ቋንቋቸው መስጊድ ይሉት ነበር፤ መስገጃ፣ መስገጃ ቦታ። አንዱ ስም መሰብሰብን፣ አንዱ መስገድን ያስቀድማል።

አሁን ወደ ምኩራቡ ጠዋት ልመለስ። ሐሙስ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ። የጋበዙኝ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ናቸው። በር ላይ ጥበቃ አለ፤ ማን እንደሆንኩና ማን እንደጋበዘኝ ጠየቀኝ። በብዙ አገር እንዲህ ነው፣ ቅር አይበላችሁ፤ አስቀድሞ ደውሎ መሄድ ይሻላል። መግቢያው ላይ ቆብ የሞላ ሣጥን አለ። ኪፓ ይባላል። ወንድ ሁሉ፣ እንግዳም ቢሆን፣ አንዱን አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል። ባለ ዘርፉ ነጠላቸው ታሊት ግን ለአይሁድ ነው፤ እንግዳ ባይለብሰው ይመረጣል። የጸሎት መጽሐፉ ከእኛ አንጻር ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚገለጠው፤ እኔ ገልብጬ ይዤው ጎረቤቴ አቃኑልኝ።

ጎረቤቴ ከዚያ ግራ ክንዳቸውን ገለጡ። ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ክንዳቸው ላይ ሰባት ዙር፣ ከዚያም እስከ ጣታቸው ጠመጠሙ። ከላይ ጡንቻቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ፤ ሌላዋን ደግሞ ግንባራቸው ላይ አሰሩ። ዓይኔ ክታብ ነው ያለኝ። በውስጡ ያለው ግን ብራና ላይ የተጻፈ የኦሪት ቃል ነው፤ «በእጅህ ምልክት አድርገህ እሰረው» የሚለው በዘዳግም ያለው ትእዛዝ ቃል በቃል ሲፈጸም ነው። ቴፊሊን ይባላል። በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ይታሰራል፤ በሰንበት አይታሰርም።

ሰዎቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። እኔን ጨምሮ አሥር። «ሞላን እኮ» አልኳቸው ለጎረቤቴ። ፈገግ አሉ። «አንተ እንግዳችን ነህ። ዘጠኝ ነን» አሉኝ። ሻይ ቀዱልኝ። ክፉ ስሜት አልነበረውም፤ ግን ቁርጥ ያለ ነው። በክብር ትቀመጣለህ፣ መጽሐፍ ይሰጥሃል፣ ገጹ ይነገርሃል። አትቆጠርም።

የአቆጣጠራቸውም ነገር ገረመኝ። ሰውን «አንድ፣ ሁለት» ብለው አይቆጥሩም። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የመጣውን መቅሠፍት ያስባሉ። የእኛም ገጠር ሰው ልጁንና ከብቱን ሲቆጥሩበት ደስ አይለው። እነሱ ታዲያ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የአንድ ጥቅስ አንድ አንድ ቃል ይላሉ። ጥቅሱ ከመዝሙረ ዳዊት 27 ነው፣ በዕብራይስጡ 28። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል፤ «አድኅን ሕዝበከ ወባርክ ርስተከ» የሚለው ነው። ሕዝብህን አድን፣ ርስትህንም ባርክ፤ ጠብቃቸው፣ ለዘላለሙም ከፍ ከፍ አድርጋቸው። በዕብራይስጥ ልክ አሥር ቃል ነው። ጎረቤቴ በዓይናቸው እየዞሩ ቃሉን አጉተመተሙ። «ዓድ» ላይ ቆሙ። «ዓድ» ማለት «እስከ» ነው። አሥረኛው ቃል «ሃዖላም» ነበር፤ ዓለም፣ ዘላለም። ለእሱ የሚሆን ሰው ጎደለ።

በሰንበት የሚሄድ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ያኔ ሰው አይጎድልም። ጸሎቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰዉ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይወዛወዛል፤ አንዱ ጮክ ሲል ሌላው ያጉተመትማል። እንግዳ ሲነሡ መነሣት ብቻ ይበቃዋል። በመካከል ታቦት ከሚሉት ቁም ሣጥን ጥቅልሉ ይወጣል። ሙሉው አምስቱ መጽሐፍ በእጅ ብራና ላይ የተጻፈ ነው። በጣት አይነካም፤ አንባቢው ጫፉ እጅ በሚመስል ዘንግ እየተከተለ ያነባል። ሰባት ሰው በየተራ ይጠራል። ስልክ፣ እስክሪብቶና ፎቶ በሰንበት የለም፤ ገንዘብም አይነካም። መዋጮው እንደ ዕድር ነው፤ አባል የሆነ በዓመት ይከፍላል፣ በሰንበት ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም። ለሸዋ ሰው ቅዳሜን ማክበር አይከብደውም። በዚሁ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ቅዳሜም እሑድም ይከበር ተብሎ ተወስኗል። ከጸሎቱ በኋላ ኪዱሽ አለ፤ ወይኑ ተባርኮ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሰው ያወራል። ሰንበቴ በሉት። እንግዳ ማንነቱን የሚጠየቀውና የሚላመደው እዚያ ነው፤ ቶሎ አትውጡ።

ሊቆጠር የሚፈልግ ሰውስ? አይሁድ ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው አይሰብኩም። ራሱ የመጣን ሰው ረቢው ቶሎ አይቀበለውም፤ ሦስት ጊዜ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። ከጸና ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ይማራል። በመጨረሻ ቤት ዲን በሚባል የሦስት ሰው ዳኝነት ፊት ይቀርባል። ወንድ ከሆነ ግዝረት አለ፤ ከዚያ ሚክቬ በተባለ ውኃ ይጠመቃል። ከዚያ ወዲያ አሥረኛ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ትናንት የገባ ነው ብሎ ማስታወስ እንኳ በሕጋቸው የተከለከለ ነው።

የመቆጠር ነገር ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ቤተ እስራኤል ኦሪትንና ሰንበትን ይዘው ዘመናት ኖሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሴፋርድ (ዘራቸው ከስፔን የሚመዘዝ አይሁድ) ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ሆኖም እስራኤል ከገቡ በኋላ እንደገና በውኃ ንጹ ተባሉ፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ በዚህ ምክንያት ሰልፍ ወጡ። እዚሁ በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ ቀጨኔ ደግሞ ቤተ አብርሃም የሚባሉ አሉ። ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ዘራችን ከቤተ እስራኤል ነው የሚሉ ከመካከላቸው አሉ። በእጃቸው ሙያ እየተጠቀምን ክፉ ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። ማን ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ ለእነሱ መጽሐፍ ውስጥ የሚነበብ ነገር አይደለም።

ያን ሐሙስ ሁሉም ለምን እንደዚያ እንደተጨነቁ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጥግ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። እናቱ ሞታበታለች። በአይሁድ ሥርዓት ወላጁ የሞተበት ልጅ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ካዲሽ ይላል። ካዲሽ ስለ ሞት አንድ ቃል የለውም፤ ሙሉውን የእግዚአብሔር ምስጋና ነው። ብቻውን ግን ሊለው አይችልም። ከእሱ ጋር ሌላ ዘጠኝ ሰው ቆሞ አሜን ማለት አለበት። ለቅሶ ላይ ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ሲመጣ ቃል ከመናገሩ በፊት መምጣቱ ነው የሚያጽናናው።

ሰባት ቀን ቤት ውስጥ በሚቀመጡበት የሐዘን ጊዜ ማኅበሩ አሥር ሰው ሞልቶ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ራሱ በየቀኑ ይመጣል፤ አሥር መሙላቱን አያውቅም። ወጣቱ በሩን ያያል። ሰዓቱን ያያል። አንዱ ስልክ ሊደውል ወጣ።

በሩ ተከፈተ። የገባው ጎልማሳ ነው፤ የብስክሌት ቆቡን በእጁ ይዟል፣ ላብ አስምጦታል። ይቅርታ አላለም፤ ማንም ምክንያት አልጠየቀውም። ጎረቤቴ ወደ እሱ ዞረው ቀስ ብለው «ሃዖላም» አሉ።

ጸሎቱ ተጀመረ። ሲገባደድ ወጣቱ ተነሣ። ድምፁ መጀመሪያ አልወጣለትም። እንደገና ጀመረ፤ «ስሙ ታላቅ ይሁን፣ ይቀደስ» እያለ በአራማይክ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አሜን አለ። ከማይቆጠርበት ወንበር እኔም ተነሥቼ አሜን አልኩ።