ኮዚ ሚስትሪ ምንድን ነው? በዓል፣ ትንሽ ከተማና የሰፈር መርማሪ

ጥቂት ወዳጆች ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው መፍትሔ ስላጣ ምስጢር ያወራሉ። ደራሲ አለ፣ ሠዓሊ አለች፣ ቄስና ጠበቃ አሉ፤ የለንደን ፖሊስ የቀድሞ ኃላፊም አለ። ሹራብ የሚሠሩት አዛውንቷ ወይዘሪት ማርፕል ጨዋታው ውስጥ ገብተው የሰፈራቸውን ነገር ያነሳሉ፦ አንዲት ጎረቤታቸው ትናንት ጠዋት ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ምግብ ገዝታ፣ ሁለት ሱቅ ጎራ ብላ ቤቷ ስትደርስ ሽሪምፑ የለም። ደራሲው የእኅታቸው ልጅ፣ እኛ እኮ የምናወራው ነፍስ ስለጠፋበት ነገር ነው ብሎ ያርማቸዋል። በዚያች ምሽት አንድ የግድያ ታሪክ ሲነገር ግን ከሁሉም መካከል የፈቱት እሳቸው ናቸው።

ይህ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ አጭር ልቦለድ የወጣው በዲሴምበር 1927 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮዚ ሚስትሪ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ ከዚያ ሽሪምፕ እጀምርለታለሁ።

ኮዚ ሚስትሪ የመርማሪ ልቦለድ አንድ ዘርፍ ነው። ግድያ አለበት፤ ደምና ሥቃይ ግን አንባቢው ፊት አይዘረጋም። ሟቹ ወድቆ ይገኛል፣ በር ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ ማን አደረገው፣ ለምን አደረገው ነው። ቦታው መንደር ወይም ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ይሆናል። መርማሪዋ (ብዙ ጊዜ ሴት ናት) ፖሊስ አይደለችም፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ ወይም መጽሐፍ ሻጭ ልትሆን ትችላለች። ኮዚ ማለት ሞቅ ያለ፣ የሚመች ማለት ነው፤ እንግሊዞች ሻይ እንዳይቀዘቅዝ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚያለብሱትን የሹራብ ሽፋንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በአሜሪካ ከ1989 ጀምሮ የዚህ ዓይነት ልቦለድ ወዳጆች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ በአጋታ ስም ሽልማት ይሰጣሉ፤ አሸናፊው ይዞ የሚሄደውም የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው።

የዘርፉ ልብ ያለው ግን አማተሯ መርማሪ በምትሠራበት መንገድ ላይ ነው። የጣት አሻራ የምታነሳበት መሣሪያ የላትም፣ ማንንም አስጠርታ ቃል ልትቀበል አትችልም። ያላት ዕውቀት ስለ ሰው ነው። ማን ከማን ተኳርፏል፣ ማን ከአቅሙ በላይ ያወጣል፣ የማን ሠራተኛ በድንገት ሥራ ለቀቀች? ወይዘሪት ማርፕል በ1930 በወጣው የመጀመሪያ ሙሉ ልቦለዳቸውም ሆነ ከዚያ በኋላ በወጡት ሁሉ ዘዴያቸው አንድ ነው፦ ፊታቸው ያለውን ተጠርጣሪ በመንደራቸው በሴንት ሜሪ ሚድ ከሚያውቁት ሰው ጋር ያመሳስሉታል። አንድ የተከበረ ሰው በሁኔታው አንድ ዋሾ ባለሱቅ ካስታወሳቸው ሐሳባቸው ከዚያ ይጀምራል። ቡና እየተጠራራ ያደገ ሰው ይህን ዕውቀት ያውቀዋል። የሰፈር ወሬ እየተባለ የሚናቀው ነገር እዚህ እንደ ማስረጃ ይከበራል፤ ዘርፉን የምወድበት ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው። ፖሊሱ አዛውንቷን ንቆ ያልፋቸዋል፣ ገዳዩም ይንቃቸዋል፣ ስለዚህ እሳቸው ባሉበት ሰው ሳይጠነቀቅ ያወራል።

በዓሉስ ምን ይሠራል? ጌጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፦ ዛፍ፣ ሻማ፣ ሽፋኑ ላይ ቀይ ሪባን። በእርግጥ ገናውን አውጥታችሁ ተራ ቅዳሜ ብታስገቡባቸው ምንም የማይጎድልባቸው መጻሕፍት ሞልተዋል፤ እነሱን ለማንም አልመክርም። ጥሩዎቹ ላይ ግን ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው በዓሉ ራሱ ነው። ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ ውርስ የሚጠብቅ ልጅ፣ ቤተሰቡ ገና የማያውቃት ሙሽራ፣ በአዘቦት ቀን አንድ ጣሪያ ሥር የማይውሉ ሰዎች፣ በዓል ነውና አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ክሪስቲ በ1938 ባወጣችው የገና ልቦለድ ክፉ ሀብታም ሽማግሌ ልጆቹን ሁሉ ይጠራል፤ በዋዜማው ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ታርዶ ይገኛል። የክሪስቲ ሌላው መርማሪ ፑዋሮ እዚያ የሚያስረዳው ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ እውነት አለው፦ በበዓል ቀን ሰው የማይሰማውን ደስታ ለማሳየት፣ የማይወደውን ዘመድ ለማቀፍ ይገደዳል፤ ታፍኖ የኖረው ቂምም ያን ጊዜ ይፈነዳል። መብሉና መጠጡ ሲጨመርበት ደግሞ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

ከዚህ የረቀቀ ሌላም ነገር አለ። በዓል ሥርዓት ያለው ቀን ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሥጋውን ማን እንደሚቆርጥ፣ ፑዲንጉን ማን እንደምትሠራ አስቀድሞ ይታወቃል። በተራ ቀን አንድ ሰው ምሳ አልበላም ቢል ማንም ልብ አይለውም። ለሃያ ዓመት ዝይውን ሲቆርጥ የኖረ አባወራ ዘንድሮ ቢላውን ለሌላ ቢያቀብል ግን ማዕዱ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ለሰፈር መርማሪ ከገና የተሻለ ቀን የለም፤ የተለመደው ሁሉ ስለሚታወቅ ያልተለመደው ራሱን ያጋልጣል።

በረዶም የራሱ ሥራ አለው። መንገድ ይዘጋል፣ ገዳዩ ከቤቱ አይወጣም፣ ፖሊስ አይደርስም፣ ዱካ ይታያል። በ1937 በወጣ አንድ የእንግሊዝ ልቦለድ በገና ዋዜማ ባቡር በበረዶ ይቆማል፤ ወርደው የሄዱ መንገደኞች አንድ ቤት ያገኛሉ፤ እሳቱ ነዷል፣ የሻይ ገበታው ቀርቧል፣ ሰው ግን የለም። መጽሐፉ ተረስቶ ኖሮ የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዳግም ሲያሳትመው በገና ሰሞን እንደ ጉድ ተሸጠ።

በቴሌቪዥን ዘርፉን ከሁሉ በላይ ያስተዋወቀችው በአንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ተዋናይቷ አንጄላ ላንስበሪ የተወነቻት መርማሪ ጄሲካ ፍሌቸር ናት። ከ1984 እስከ 1996 በ264 ክፍሎች ቀርባለች፤ መኖሪያዋ ካቦት ኮቭ የተባለች ልብ ወለድ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በአንዲት ትንሽ ከተማ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይሞታል የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ ቀላል ይመስለኛል፦ አንባቢው የሚመጣው ቁጥር ሊቆጥር ሳይሆን ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ሊሰነብት ነው። አንዳንዶቹ ደራስያን ለዚያ ሲሉ መርማሪዋ የምትጋግረውን ኩኪስ አሠራሩን ጭምር በመጽሐፉ ውስጥ ያትማሉ።

የበዓልና የወንጀል ልቦለድ ዝምድና በገና ብቻ አይወሰንም። በኖርዌይ ወቅቱ ፋሲካ ነው። በ1923 በሆሳዕና ዋዜማ የአንድ ትልቅ ጋዜጣ የፊት ገጽ የበርገን ባቡር ሌሊቱን መዘረፉን አወጀ። የአዲስ ልቦለድ ማስታወቂያ ነበር፤ ብዙ አንባቢ ግን እውነተኛ ዜና መስሎት ደነገጠ። ኖርዌያውያን ከዚያ ወዲህ በፋሲካ ወደ ተራራ ጎጇቸው ሲወጡ የወንጀል ልቦለድ ይዘው ይሄዳሉ፤ በዚያ ሰሞን የወተት ካርቶን ላይ እንኳ አጭር የወንጀል ታሪክ ይታተማል።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ግን ከኮዚ ዘመን በፊት፣ በጃንዋሪ 1892 የወጣ የሸርሎክ ሆምስ አጭር ታሪክ ነው። የተሰረቀ ሰማያዊ ዕንቁ በገና ዝይ ውስጥ ይገኛል። የሞተ ሰው የለም፤ ሆምስ ከኮፍያ ወደ ዝይ፣ ከዝይ ወደ ገበያ እየተከተለ ሌባው ላይ ይደርሳል። ሌባው ተንበርክኮ ያለቅሳል። ሆምስ በሩን ከፍቶ ውጣ ይለዋል፤ ወቅቱ የይቅርታ ነው ይላል። ከዚያም እራታቸው እንዲቀርብ ጓደኛውን ዋትሰንን ደወሉን እንዲነካ ይጠይቀዋል፤ እራቱም ወፍ ነው።