ገለልተኛ የነበረ አገር ሲሸነፍ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነን። ቶናው እየተቀዳ ተማሪዋ ልጃቸው ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ቡልጋሪያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ገለልተኛ ነበረች ይላል። ታዲያ ለምን ተቀጣች?»

ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው። ገለልተኛነት አንዴ ከተሰጠ የማይነጠቅ ማዕረግ ይመስላል። አይደለም። በ1907 እ.ኤ.አ. በወጣው የሄግ ስምምነት የገለልተኛ አገር መሬት አይደፈርም፤ እሷም የተዋጊዎችን ጦር በግዛቷ አታሳልፍም። ጦርነቱ ውስጥ በገባች ቀን ይህ ጥበቃ ያበቃል። ከተሸነፈች በኋላ «መጀመሪያ እኮ የለሁበትም ነበር» ብትል ሰሚ የላትም።

ቡልጋሪያ አንድ ዓመት ያህል ዳር ቆማ ከሁለቱም ወገን ጋር ስትደራደር ቆየች። ዓይኗ መቄዶንያ ላይ ነበር፤ የተሻለ ቃል የገቡላት እነ ጀርመን ናቸው። በጥቅምት 1915 እ.ኤ.አ. ከእነሱ ጋር ጦርነቱ ውስጥ ገባች። በመስከረም 1918 እጅ ሰጠች፤ ንጉሥ ፈርዲናንድም ወዲያው ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ።

ሂሳቡ የመጣው በ1919 ከአሸናፊዎቹ ጋር በፈረመችው የሰላም ስምምነት፣ በኒዪ ውል ነው። ሠራዊቷ ከ20,000 እንዳይበልጥ ተወሰነ። 2.25 ቢሊዮን የወርቅ ፍራንክ ካሳ ተጫነባት፤ እሱ እንኳ ኋላ ተቀንሶላታል። የኤጂያን ባሕር ዳርቻዋ ግን ተወስዶባት በዚያው ቀረ። ጥቁር ባሕር ቢኖራትም፣ ለእኔ የከፋው ይሄ ነው። የባሕር በር ነገር ለእኛ አይነገረንም!

«እኛስ ያኔ?» አለች። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ያደላሉ ተብለው ይታሙ ነበር። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ኢትዮጵያ ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ አለቀ።