ጌም መሃል ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ የሚባለውና እውነታው

ኮምፒውተሬ ጌም መሃል ድርግም ማለት የጀመረው አምና ክረምት ላይ ነው። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ድርግም ይላል፣ ከዚያ ራሱን ያስነሳል። መካሪ አላጣሁም። ሁሉም የየራሱን መድኃኒት አዘዘልኝ። አንዳንዱን በገንዘቤ፣ አንዳንዱን በእንቅልፌ ሞከርኩት። ምክሮቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፎርማት ይደረግ፣ ይለቀዋል»

ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይዛችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው። ዊንዶውሱ ወይም ድራይቨሩ ከተበላሸ እውነትም ይሠራል። ግን የሶፍትዌር ችግር ብዙውን ጊዜ ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው። ወይ ጌሙ ብቻ ይዘጋል፣ ወይ ሰማያዊ ስክሪን ኮድ ጽፎ ይመጣል (አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁር ሆኗል)። ገመዱ እንደተነቀለ ያህል ያለ አንዲት ቃል የሚጠፋ ማሽን ግን ወደ ሃርድዌርና ወደ ኃይል ነው የሚያመለክተው።

እኔ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌያለሁ። የሚገርመው፣ ሦስቱንም ጊዜ ለአራት አምስት ቀን ተሻለው። ተአምሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በኛ ኢንተርኔት 100 ጊጋባይት ጌም መልሶ እስኪወርድ ድረስ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ አልነበረበትም። ዳነ ያልኩት ለካ አርፎ ነው።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ከፍላሽ አስነስታችሁ ማሽኑን በከባድ ሥራ አስጨንቁት። እዚያም ላይ ድርግም ካለ ዊንዶውስን ማሩት።

«41 ብሏል፣ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ነው»

ማሽኑ እንዲህ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ ኢቨንት ቪወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ) ብትከፍቱ «ከርነል-ፓወር 41» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ፓወር የሚል ቃል ስላለበት ብዙ ሰው በቀጥታ ፓወር ሰፕላይ (ከግድግዳ የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ሊገዛ ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ። 41 የሚለው ግን ይህን ብቻ ነው፦ «ባለፈው በወጉ ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት»። የሚጻፈውም ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ነው። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ በግድ ብታጠፉት ያው 41 ይጻፋል። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደርሶ «እዚህ ሰው ወድቋል» እንደሚል ዘበኛ ቁጠሩት። ማን እንደመታው አላየም።

የሚጠቅመው ከ41 አጠገብ፣ በፊቱም በኋላውም የተጻፈው ነው። «ደብሊው-ኤች-ኢ-ኤ ሎገር» የሚል ካለ ሃርድዌሩ ራሱ ስህተት መዝግቧል ማለት ነው። ምንም ከሌለ ደግሞ ማሽኑ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

የኔ ጥፋት ሌላም ነበረበት። 500 ዋቱን በ750 ዋት ስቀይር ያየሁት ቁጥሩን ብቻ ነው። ዋት ብዛት እንጂ ጥራት አይናገርም። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም የሚነግራችሁ ዕቃው ከግድግዳ የሚስበውን ኃይል ምን ያህል ሳያባክን እንደሚጠቀም ነው። አዲሱን ገጠምኩት፣ ድርግም ማለቱ ቀጠለ። ወደዚህ ዕቃ እመለሳለሁ።

«ራሙ አዲስ ነው፣ እሱ ሊሆን አይችልም»

አዲስ ራምም ተበላሽቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጣጣው የፍጥነቱ ነው። ዲዲአር5 ራም ላይ 6000 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ላይ ምንም ካልነካችሁ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ4800 ነው። 6000 የሚገባው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን ስታበሩ ነው። ይሄ ደግሞ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራት) ነው፣ ማሸጊያው ላይ ስለተጻፈ አይለወጥም። ራሙ ቢችለው እንኳ ፕሮሰሰሩ ወይም ማዘርቦርዱ ላይችለው ይችላል። በተለያየ ጊዜ የተገዙ አራት ራሞችን ከሰካችሁማ ችግሩን ጠብቁት።

ፍተሻው ነፃ ነው። ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ አንድ ሳምንት ተጫወቱ። ከዚያ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። አንዲት የስህተት መስመር ከወጣች በቃ፣ «አንድ ብቻ ናት» አትበሉ። የኔ ራም ጠዋት ላይ ንጹህ ሆኖ ነው የተገኘው። ቢያንስ አንድ ተጠርጣሪ ቀነሰልኝ።

«የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል ይላል፣ ስለዚህ ካርዱ ነው»

ከሁሉም ይሄኛው ነው የሚገርመኝ። በ2024 እ.ኤ.አ. አንሪል ኢንጂን በሚባለው የጌም መሥሪያ የተሠሩ ጌሞችን ሲከፍቱ «ቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚባሉ ሰዎች በዙ። ትልልቅ የግራፊክስ ካርድ ያላቸው ጭምር! እንዲህ የሚል መልእክት ያየ ሰው ካርዱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጥፋተኛው ግን ፕሮሰሰሩ ነበር፤ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር፣ በተለይ ኮር አይ9።

እንዴት? ጌሙ ሲከፈት የታመቀውን ዳታ የሚፈታው ፕሮሰሰሩ ነው። እሱ ሲፈታ ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይዛባል፣ ጌሙም ጥፋቱን ካርዱ ላይ ያላክካል። ኢንቴል በኋላ እንዳመነው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። በኦገስትና በሴፕቴምበር 2024 የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የሚመጣው በባዮስ አፕዴት ነው። ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ከነዚህ ትውልዶች ያገለገለ ፕሮሰሰር የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ባዮሱ መቼ እንደታደሰ ጠይቁ።

ባዮስ ስታድሱ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል።

«90 ዲግሪ ገብቷል፣ ሙቀት ነው»

ሊሆን ይችላል፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ኤኤምዲ ራይዘን 7000ን ሲሠራ ከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ እንዲደርስ አስቦ ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሲሞቅ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ማጥፋት የመጨረሻው ነው። እርግጥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ያው ፋን ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት በየጥቂት ወሩ መጥረግ አይከፋም። ስትጠርጉ ፋኑን በጣት ያዙት እንጂ በንፋስ አታሽከርክሩት።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ»

አላጠፋችሁትም። ዊንዶውስ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ስትሉ የሲስተሙ እምብርት ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። ከነችግሩ። ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው።

«መብራት አልሄደም እኮ»

መብራት መኖሩና በቂ መሆኑ ይለያያል። ይሄን የተማርኩት ከደብተር ነው። ምክር ሲሰለቸኝ ኮምፒውተሩ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ገጹን ሳየው ከሞላ ጎደል ሁሉም ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ቫይረስ ቀን አይመርጥም። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ምን አለ? አከራያችን እንጀራ የሚጋግሩበት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ግቢያችን ደግሞ በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቀጭን ገመድ ነው ያለው። የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ጎረቤቴ መልቲሜትሩን ይዞ መጣ። ምጣዱ ሳይጣድ 214 ቮልት፣ ሲጣድ 168። ፍሪጁ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ዝቅ ይላል።

ያን 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ አውጥቼ ጎኑን አነበብኩ፦ «200-240 ቮልት»። 168 ላይ እሱም ምን ያድርግ? ብሮውዘር ከፍቼ ስቀመጥ እንደ ምንም ይሸከመኛል። ጌም ከፍቼ ካርዱ ኃይል ሲጎትት እጁን ይሰጣል። አክቲቭ ፒኤፍሲ (የሚስቡትን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ሰርኪዩት) ያላቸው ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላዮች «100-240» ይላሉ። ዋጋቸው ጨመር ይላል እንጂ እንዲህ ያለውን መውረድ ይችሉታል። ርካሽ ስታቢላይዘርም ሞክሬ ነበር፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲቀያይር ጭራሽ በራሱ ጊዜ ያጠፋብኝ ጀመር። ፓወር ሰፕላይ እኮ ኃይል ሲቋረጥበት የሚታገሠው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

650 ዋት፣ «100-240» የሚል ገዛሁ። ከ750 ዋቱ በ100 ያንሳል። ቅዳሜ ማታ ምጣዱ ሲጣድ የክፍሌ አምፖል አሁንም ደብዘዝ ይላል። ጌሙ ግን አልቆመም፣ የእንጀራው ሽታም በመስኮት ይገባል።