ስለ ማያኮቭስካያ ሜትሮ ጣቢያ የሚወራው እና እውነታው

የሚያብረቀርቁ ምሰሶዎች የተደረደሩበት የሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። ማያኮቭስካያ ይባላል። ፎቶው ድንቅ ነው፤ አብሮት የሚዞረው ወሬ ግን ግማሹ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ምድሩን የተሸከመው ያ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው»

አይደለም። የምታዩት የማይዝግ ብረት ልባስ ነው፣ ልብስ በሉት። ሸክሙን የያዘው ከውስጡ ያለው የብረት አጽም ነው። ለእኔ ከጌጡ ይልቅ የሚገርመው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በጥልቀት የሚሠሩ ጣቢያዎች ጣሪያቸው የሚያርፈው ወፋፍራም ግድግዳ በሚመስሉ ድጋፎች ላይ ስለነበር አዳራሹ ለሁለትና ለሦስት ዋሻ የተከፈለ ይመስላል። አርክቴክቱ አሌክሴይ ዱሽኪን ከመሐንዲሶቹ ጋር ሆኖ ያንን ሁሉ ወደ ቀጫጭን ምሰሶ አወረደው፣ ቦታውም ወለል አለ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ልባሱ እንደ ቆርቆሮ ሽንትር ሽንትር ያለ ነው። የተዘጋጀውም የአየር መርከብ በሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ከምሰሶው ግርጌ ደግሞ ሮዶናይት የሚባል ሮዝ ድንጋይ አለ።

«የሞስኮ ጥልቁ ጣቢያ ነው፣ የተቆፈረውም ለቦምብ መጠለያ ብቻ ነው»

33 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። በ2003 የተከፈተው ፓርክ ፖቤዲ የሚባል ሌላ የሞስኮ ጣቢያ 84 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ማያኮቭስካያ ሥራ የጀመረው ሴፕቴምበር 1938 ነው። በጥልቀት መቆፈሩም ለመጠለያ ብቻ አልነበረም፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ መሐንዲሶቹን ሲያጨቃጭቅ የነበረው ጎዳናውን ከላይ እንቆፍር ወይስ ከሥር እንሰርስር የሚለው ነበር፣ ከሥር መሄዱ ደግሞ ከላይ ያለውን ከተማ አያምስም። በ1941 የአየር ድብደባ ሲመጣ ግን ሕዝቡ እውነትም ተጠልሎበታል።

«የስታሊን ጦር ማዘዣ እዚህ ነበር»

ሁለት ጣቢያ ተደባልቆ ነው። የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ የሠራው ያኔ ኪሮቭስካያ፣ ዛሬ ቺስትዬ ፕሩዲ በሚባለው ጣቢያ ነው። ማያኮቭስካያ ላይ የተደረገው የአንድ ምሽት ስብሰባ ነው፤ ኖቬምበር 6 ቀን 1941፣ የጀርመን ጦር ሞስኮ ደጃፍ ደርሶ ሳለ፣ የ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በዓል ዋዜማ። ስታሊን ንግግር ያደረገው አዳራሹ ውስጥ ነው። በአንዱ በኩል የቆመው ባቡር በሩን ከፍቶ የካፖርት ማስቀመጫና ቡፌ ሆኖ አመሸ።

«የጣሪያው ሥዕሎች በሌኒንግራድ ከበባ ውስጥ የተሠሩ ናቸው»

ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በጦርነቱ ጊዜ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር፤ ይሄኛው ወሬ ልብ የሚነካ ስለሆነ ማረም ይከብዳል። መጀመሪያ ነገር የቀለም ሥዕል አይደሉም፣ ከትናንሽ ባለቀለም መስታወት የተገጣጠሙ ሞዛይኮች ናቸው። ንድፉ የሠዓሊው አሌክሳንደር ዴይኔካ ነው፣ ሐሳቡም የሶቪየት ሰማይ በ24 ሰዓት ውስጥ። ሞዛይኮቹ ሞላላ ጉልላቶች ውስጥ ገብተው ስለተቀመጡ ከሥራቸው ቆሞ አንገትን መስበር ግድ ነው፤ ያኔ አውሮፕላንና ፓራሹት በቀጥታ ከአናታችሁ በላይ ይሆናሉ። የገጣጠማቸው የቭላድሚር ፍሮሎቭ የሌኒንግራድ ወርክሾፕ ነው፣ ከጦርነቱ በፊት። በከበባው ውስጥ የሠራቸው በ1943 ለተከፈተው ኖቮኩዝኔትስካያ ጣቢያ የሄዱት ናቸው። የእነዚያም ንድፍ የዴይኔካ ነው፣ ስህተቱ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፍሮሎቭ ራሱ በ1942 እዚያው ከበባ ውስጥ ሞተ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በ2005 በተከፈተው መግቢያ ጣሪያ ላይም ሰማይ አለ፣ የገጣሚው የማያኮቭስኪ ስንኞች የተበተኑበት። ብዙ ሰው እሱንም ለዴይኔካ ይሰጠዋል። የኢቫን ሉቤኒኮቭ ሥራ ነው።